ፑሌጃው ሲያንስ፦ ስለ ዲናሞ፣ ስለ ባትሪና ስለ መኪና ሙዚቃ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

የዛሬው ርዕሳችን ከሞተሩ ፊት ለፊት ቺንጋ የሚጠመጠምበት ክብ ብረት ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ፑሌጃ የሚባለው። አብዛኞቻችን ኮፋኖ ከፍተን ዘይት ስናይ በአጠገቡ እናልፋለን እንጂ ልብ ብለን አናየውም። እኛ ዘንድ እምብዛም የማይታወቅ፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ለረጅም ዓመታት በብዛት የተሸጠ አንድ ዓይነት ፑሌጃ አለ፤ አንደርድራይቭ ፑሌጃ ይሉታል። ከፋብሪካ ከመጣው ያንሳል፤ ሞተሩ በቺንጋ የሚያዞራቸውን ዕቃዎች ፍጥነት ይቀንሳል። ሻጮቹ «መኪናህ ጉልበት ይጨምርልሃል» ይላሉ። አልዋሹም፣ ይጨምራል። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ያ ጉልበት ከማን ተቀንሶ እንደመጣ ነው። ይህን ለማየት ደግሞ መኪናው በማታ መንገድ ተዘግቶበት፣ መብራቱ በርቶ፣ ሙዚቃው ተከፍቶ የቆመበትን ሰዓት መምረጥ አለብን።

ስለ አጠራር አንድ ነገር ላስቀድም። ሁላችንም ዲናሞ የምንለው የዛሬው ዕቃ በፋብሪካ ስሙ ኦልተርኔተር ነው። እኔም እንደ እናንተው ዲናሞ እለዋለሁ፤ ከእሱ በፊት የነበረውን ሌላ ዓይነት ሳነሳ ግን «የድሮው ዲናሞ» እላለሁ።

ሞተር ሲነሳ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ፑሌጃ ይዞራል። ቺንጋው ከእሱ ተነስቶ የውሃ ፖምፓውን፣ የመሪ ፖምፓውን፣ ኤርኮንዲሽን ካለ ኮምፕረሰሩን፣ ከዚያም ዲናሞውን ያዞራል። የዲናሞው ፑሌጃ ትንሽ ስለሆነ ክራንኩ አንዴ ሲዞር ዲናሞው ሁለት ተኩል፣ ሦስት ጊዜ ያህል ይዞራል። በቁጥር እንየው። የክራንኩ ፑሌጃ ስፋት 165 ሚሊ ሜትር፣ የዲናሞው 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን ምጣኔው 2.75 ነው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በደቂቃ 750 ዙር ሲሠራ ዲናሞው ወደ 2,060 ዙር ይዞራል ማለት ነው። አሁን የክራንኩን ፑሌጃ አውጥተን በሩብ ያነሰ፣ 124 ሚሊ ሜትር የሆነ እንግጠምበት። ሞተሩ ያው 750 ላይ ነው፤ ዲናሞው ግን ወደ 1,550 ወርዷል።

ልዩነቱ 500 ዙር ነው። አውራ ጎዳና ላይ፣ ዲናሞው ስድስትና ሰባት ሺህ ዙር ሲዞር፣ በሩብ መዘግየቱ ከምንም አይቆጠርም። ሚኒሞ ላይ ግን ብዙ ነገር የሚወሰነው በዚህች 500 ዙር ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዲናሞው ውስጥ መግባት አለብን።

ውስጡ የሚሽከረከር ማግኔት አለ። ቋሚ ማግኔት አይደለም፤ ከባትሪ ትንሽ ኤሌክትሪክ በካርቦን በኩል ሲደርሰው ማግኔት የሚሆን የመዳብ ጥቅል ነው። ዙሪያውን ደግሞ የማይንቀሳቀሱ ሦስት ጥቅሎች ከበውታል። ማግኔቱ ሲዞር በእነዚህ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ዳዮዶች ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ አስተካክለው ለባትሪው ያስረክቡታል። የሚፈጠረው ቮልት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በዙሩ ፍጥነትና በማግኔቱ ብርታት። ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ዙሩን አያዝዘውም፤ እሱ የነጂው እግር ሥራ ነው። የሬጉላተሩ ሥልጣን ማግኔቱ ላይ ብቻ ነው፤ ዙሩ ሲበዛ ያዳክመዋል፣ ሲያንስ ያበረታዋል፤ እንዲህ እያለ ቮልቱን 14 አካባቢ ይዞ ይቆያል። ዙሩ በጣም ወርዶ ማግኔቱ የሚችለውን ሁሉ ከሰጠ በኋላ ግን ሬጉላተሩ የሚጨምረው ነገር የለም። ከዚያ በታች እያንዳንዱ የጎደለ ዙር በቀጥታ የጎደለ አምፔር ነው።

ይህን አምራቾቹ አልደበቁም። በአንዳንድ የአውሮፓ ዲናሞዎች ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ብታዩ፣ ለምሳሌ «14 ቮልት፣ 35/70 አምፔር» የሚል ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ቁጥር ዲናሞው በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር የሚሰጠው ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ሚኒሞ አካባቢ፣ እንደ ዘመኑ በ1,500 ወይም በ1,800 ዙር፣ የሚሰጠው ነው። ዲናሞ ሲገዛ ሁሉም የሚጠይቀው ትልቁን ቁጥር ነው፤ «ስንት አምፔር ነው?» «ሰባ ነው።» ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ግን አብዛኛውን ሰዓት የሚኖረው በትንሿ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የድሮው ዲናሞ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት የመኪና ሁሉ ባትሪ መሙያ ነበር። አሠራሩ ኤሌክትሪኩን ራሱ በሚዞረው ክፍል ላይ ያመነጭና ብዙ አምፔር በካርቦንና በተቆራረጠ መዳብ በኩል ያወጣ ነበር። ያ መዳብ በጣም ሲፈጥን ይቃጠላል፣ ጥቅሉም ይበተናል፤ ስለዚህ የዲናሞውን ፑሌጃ ማሳነስና ዲናሞውን በጣም ማስሮጥ አይቻልም ነበር። ውጤቱ ሚኒሞ ላይ ከሞላ ጎደል ምንም አለመስጠት ነው። አሮጌ ቮልስ የነዳ ሰው ያስታውሰዋል፤ መብራት ላይ ሲቆም ቀዩዋ የቻርጅ መብራት ጭል ጭል ትላለች፣ ነዳጅ ሲረገጥ ትጠፋለች። በዚያ ዘመን የመኪና ሬዲዮ ራሱ ከባድ ጭነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 በቺካጎ የጋልቪን ወንድማማቾች ሞቶሮላ ብለው የሰየሙትን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ ሲያወጡ የነበሩት ባለ አምፖል ሬዲዮዎች ዛሬ ከምናውቀው ትንሽ ቴፕ እጅግ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበሉ ነበር።

ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 በቫሊያንት ላይ የዛሬውን ዓይነት ዲናሞ መግጠም ሲጀምርና ሌሎቹም ሲከተሉት፣ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነበር። በካርቦኑ በኩል የሚያልፈው ማግኔቱን የሚያነቃው ጥቂት አምፔር ብቻ ስለሆነ ዲናሞውን በትንሽ ፑሌጃ በፍጥነት ማዞር ተቻለ፤ መኪናው ቆሞም ባትሪው ይሞላ ጀመር። ዛሬ የምናወራው አንደርድራይቭ ፑሌጃ እንግዲህ መሐንዲሶቹ በትንሽ የዲናሞ ፑሌጃ ያገኙትን ትርፍ መልሶ የሚወስድ ዕቃ ነው። መኪናውን፣ ቢያንስ ሚኒሞ ላይ፣ ወደ ድሮው ዲናሞ ዘመን ይመልሰዋል።

ታዲያ ለምን ተወደደ? መነሻው የውድድር ሜዳ ነው። የአሜሪካ የሩብ ማይል ውድድር ፈጣን ለሆነ መኪና ከሩብ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በዚያች ጊዜ ዲናሞው ምንም ባይሰጥ ባትሪው ብቻውን ይበቃል፤ እንዲያውም ቺንጋውን ጨርሰው አውልቀው የሚወዳደሩ አሉ። ከሜዳው ወደ መንገድ የገባው ደግሞ በይበልጥ በአንድ መኪና ላይ ተሳፍሮ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ከ1987 እስከ 1993 (እ.ኤ.አ.) በተሠራው ባለ 5.0 ሊትር ፎርድ ሙስታንግ። ስምንት ሲሊንደር፣ ቀላል አካል፣ እስከ 1992 ድረስ 225 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ፣ ዋጋውም ወጣት ሠራተኛ የሚደርስበት። ለእሱ የማይሸጥ ማሻሻያ አልነበረም። የአንደርድራይቭ ስብስብ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነበር፤ የክራንክ፣ የውሃ ፖምፓና የዲናሞ ፑሌጃ፣ አጠር ያለ ቺንጋ፣ ጥቂት ቡሎን፣ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ። ከ10 እስከ 15 ፈረስ ጉልበት ይገኛል ይባል ነበር።

የዚያ መኪና ዲናሞ 75 አምፔር ነበር። ይህ በትልቁ ቁጥር ነው። ሚኒሞ ላይ ከፋብሪካ በመጣው ፑሌጃ እንኳ የተረፈው አልነበረም። ባለቤቱ የክራንኩን ፑሌጃ ያሳንሳል፤ ያው ባለቤት ኋላ ሻንጣ ውስጥ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ሳብ ውፈር ያስገባል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ፎርድ ራሱ በ1994 ሞዴል 130 አምፔር የሆነ፣ ሚኒሞም ላይ በግልጽ የተሻለ ዲናሞ ገጠመ፤ የቀደሙት መኪኖች ባለቤቶችም ይህንኑ ዲናሞ እያፈላለጉ ወደ መኪናቸው ማዛወር የተለመደ ሥራ ሆነ።

አሁን ወደ ጉልበቱ ሒሳብ። አንድ ፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ዲናሞ 75 አምፔር በ14 ቮልት ሲሰጥ የሚያወጣው 1,050 ዋት ነው። ከሚቀበለው ጉልበት ግማሽ ያህሉን በሙቀትና በሰበቃ ስለሚያባክን ከሞተሩ የሚወስደው ወደ 2.8 ፈረስ ጉልበት ይሆናል፤ ያውም ሁሉን አብርተን ነው። ዲናሞውን በዝግታ ብናዞረው ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉን እናተርፋለን? ጥቂት ብቻ። መብራቱም፣ ኢንጀክሽኑም፣ ሙዚቃውም የሚፈልጉት ኤሌክትሪክ አልተለወጠም። ዙሩ ሲቀንስ ሬጉላተሩ ማግኔቱን ያበረታል፣ ዲናሞው ለመዞር ይከብዳል፣ ሒሳቡ ተመልሶ እዚያው ይደርሳል። የሚተርፈው የማራገቢያውና የኩሽኔታው ሰበቃ ነው። ትልቁ ትርፍ የሚመጣው ከውሃ ፖምፓው ነው፤ ፖምፓ የሚበላው ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ በሩብ ስናዘገየው የሚበላው ጉልበት ከግማሽ በታች ይወርዳል። የመሪ ፖምፓውም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ፑሌጃው ራሱ ከአልሙኒየም ሲሠራ ደግሞ ይቀልና ሞተሩ ቶሎ ዙር ያነሳል። እንግዲህ ከዲናሞው የተገኘው ጉልበት ከሁሉ ትንሹ፣ ዲናሞው የከፈለው ዋጋ ግን ከሁሉ ትልቁ ነው። እኔ ይህን ሳይ ፑሌጃውን በሙሉ ባልቃወምም፣ ዲናሞውን በዚህ ስብስብ ውስጥ ማስገባት ያልታሰበበት ነገር ነው እላለሁ።

የከተማ ማታን እናስብ። አማካይ የቤት መኪና፣ ሚኒሞ ላይ ቆሟል። ኢንጀክሽኑ፣ ካንዴላ የሚያቀጣጥለው ሥርዓትና የነዳጅ ፖምፓው አብረው 12 አምፔር ይወስዳሉ እንበል። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት አምፖሎች 8። የኋላ መብራትና ዳሽቦርድ 3። የጋቢና ማራገቢያ 7። የራዲያተር ማራገቢያ ሲነሳ 10። ድምሩ 40 አምፔር፣ ሙዚቃ ሳይከፈት። ቅድም ያየነው ባለ 35/70 ዲናሞ፣ ትንሿ ቁጥሩ በ1,800 ዙር የተለካች ብትሆን፣ በፋብሪካው ፑሌጃ 2,060 ዙር ላይ ወደ 41 አምፔር ይሰጣል፤ በጭንቅ ተቃቅፈው ያድራሉ። በአንደርድራይቩ 1,550 ዙር ላይ ግን ወደ 26 ይወርዳል። የጎደለው 14 አምፔር ከባትሪው ይወጣል።

ባትሪ እንደ ግቢያችን ሮቶ ነው፤ ውሃ አያመነጭም፣ በመጣ ጊዜ ያጠራቅማል፣ በጠፋ ጊዜ ይሰጣል። ሙዚቃ ደግሞ ገና ወደ ሒሳቡ አልገባም። በእውነት 500 ዋት የሚሰጥ፣ ኤቢ የሚባለው ዓይነት አምፕሊፋየር ሙሉ በሙሉ ሲሠራ ከ65 አምፔር በላይ ይጎትታል። ደግነቱ ሙዚቃ ሁሌም ጣሪያ ላይ አይደለም፤ ከበሮው ሲመታ ይወጣል፣ ወዲያው ይወርዳል፤ ጮክ ብሎ ቢከፈትም አማካዩ የዚያ ሩብ ገደማ፣ 15 አምፔር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ቀድሞ ከጎደለው ጋር ሲደመር 29 አምፔር ሆነ። 60 አምፔር ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ ያለ ችግር የምንወስደው ግማሹን ነው ካልን፣ አንድ ሰዓት ገደማ አለን። በፋብሪካው ፑሌጃ ቢሆን ያው ሙዚቃ ባትሪውን ግማሽ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር፤ መኪናው ትንሽ ሲንቀሳቀስም የጎደለው ቶሎ ይመለስ ነበር።

ባትሪ አንድ ቀን በመጉደሉ አይሞትም። የሚገድለው ሁልጊዜ ግማሽ ሆኖ መዋሉ ነው፤ በሊድ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ጨው ይጋገርና ቀስ በቀስ መያዝ ያቅተዋል። ከዚያ ጠዋት ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ይቀራል፣ ባለቤቱም ባትሪ ሻጩን ይወቅሳል።

ሙዚቃው ላይ ምን ይደርሳል? ብዙ ሰው ድምፁ የሚቀንስ ይመስለዋል። ይቀንሳል፣ ግን ጆሮ ከሚለየው እምብዛም አይበልጥም። የውስጥ ቮልቱን የማይቆጣጠር አምፕሊፋየር ከ14.4 ወደ 12.2 ቮልት ሲወርድበት የሚያወጣው ጉልበት ከመቶ 28 ያህል ይቀንሳል። ሲሉት ያስፈራል፤ በድምፅ መለኪያ ግን አንድ ተኩል ዴሲቤል ብቻ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሰውየው ድምፁን ለመመለስ ይጨምራል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚሄድበት ቮልት የለውም። የድምፁ ሞገድ ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ባሱ ይደነዝዛል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይሻክራል፣ በመጨረሻም ትንንሾቹ ስፒከሮች ይቃጠላሉ። ቮልቱን ራሳቸው የሚያስተካክሉ አምፕሊፋየሮች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ቮልት ሲያንሳቸው ያንኑ ዋት ለመጠበቅ ብዙ አምፔር ይጎትታሉ፤ የተዳከመውን ባትሪ የበለጠ ያዳክሙታል። ቮልቱ ወደ 10 አካባቢ ከወረደ ቴፑ ራሱ ጠፍቶ ይበራል፤ ባለቤቱ ቴፑ የተበላሸ ይመስለዋል።

በከበሮው ምት የፊት መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል አይታችሁ ይሆናል። ለዚያ መድኃኒት ተብሎ የሚሸጥ ትልቅ ካፓሲተር አለ፤ አብረቅራቂ ጣሳ የሚመስል፣ አንድ ፋራድ የተጻፈበት። ጠጋ ብለን እንመዝነው። ከ14.4 ወደ 12 ቮልት እስኪወርድ ድረስ ያ ካፓሲተር የሚሰጠው ወደ 32 ጁል ነው። 1,000 ዋት ለሚጎትት አምፕሊፋየር ይህ የሚበቃው ለሦስት መቶኛ ሰከንድ ነው። የአንዲት የከበሮ ምት መጀመሪያ ናት። የመብራቱን ጥቅሻ ትንሽ ሊያለዝብ ይችል ይሆናል፤ የዲናሞን ጉድለት ግን አይሞላም። ሁለተኛ ባትሪ መጨመርም እንዲሁ ነው፤ ሞተር አጥፍቶ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ይጠቅማል፣ ነገር ግን እሱንም የሚሞላው ያው ዲናሞ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ክፍል ይህ ነው። ከስፒከሩ ውስጥ ከሞተሩ ጋር እየወጣና እየወረደ የሚያፏጭ ቀጭን ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ዲናሞው ነው። በተለመደው አሠራር ማግኔቱ አሥራ ሁለት ጫፎች አሉት፤ በሦስቱ ጥቅሎችና በዳዮዶቹ አልፎ በየአንዱ ዙር 36 ትንንሽ የቮልት ሞገዶች ይወጣሉ። ዲናሞው 2,060 ዙር ላይ ሲሆን ይህ በሰከንድ ወደ 1,240 ጊዜ ነው፤ ጆሮ ጥርት አድርጎ የሚሰማው ፉጨት። አንደርድራይቭ ሲገጠም ወደ 930 ይወርዳል፤ ፉጨቱ አይጠፋም፣ ይወፍራል። መንስኤው ግን ፑሌጃው አይደለም። አምፕሊፋየሩና ቴፑ በተለያየ ቦታ ማሳ ሲታሰሩ በመካከላቸው የምትፈጠር ትንሽ የቮልት ልዩነት በድምፅ ገመዱ በኩል ትገባለች፤ ወይም አንድ ዳዮድ ተቃጥሎ ሞገዱ ሻካራ ሆኗል። ባለሙያው መጀመሪያ ማሳውን ይፈትሽ፤ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ የታየበት፣ የጠበቀ ማሳ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያበቃዋል።

ከሙዚቃው ውጭ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሳልናገረው አላልፍም። በብዙ መኪኖች የክራንኩ ፑሌጃ ባዶ ብረት አይደለም። ውስጡ የጎማ ቀለበት አለ፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲቀጣጠል ክራንኩን ጠምዘዝ አድርጎ የሚያንቀጠቅጠውን ኃይል የሚውጥ ነው። በሙስታንጉ ላይ ፑሌጃው ከዚህ ማርገቢያ ተለይቶ በቡሎን ስለሚታሰር ሲቀየር ማርገቢያው በቦታው ይቀራል። በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር መኪኖች ግን ሁለቱ አንድ አካል ናቸው። በቦታው ድፍን አልሙኒየም የገጠመ ሰው ማርገቢያውን አብሮ ጥሏል። ዋጋው ወዲያው አይታይም፤ ብሮንዚናና ክራንክ ላይ ቆይቶ ነው የሚወጣው።

መኪናችሁ በየትኛው ወገን እንዳለች ማወቅ ከባድ አይደለም። አንድ ቴስተር ይበቃል። ሞተር ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል። አስነሡ፤ ምንም ሳይበራ 14 አካባቢ መሆን አለበት። አሁን ነዳጅ ሳትረግጡ ረጅሙን መብራት አብሩ፣ ማራገቢያውን ወደ መጨረሻው ውሰዱ፣ ሙዚቃውን እንደ ልማዳችሁ ክፈቱና የቴስተሩን ጫፎች በራሱ በባትሪው ምሰሶዎች ላይ ይዛችሁ ጠብቁ። ከ13.5 በላይ ከቆየ ሰላም ነው። ከ13 በታች እየወረደ ከሄደ ባትሪው እየሰጠ ነው። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሞተሩን ወደ 1,200 ዙር አንሡት። ቮልቱ ወዲያው ወደ 14 ከዘለለ ዲናሞው ደኅና ነው፤ የጎደለው ዙር ነው። ካልዘለለ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ የላላ ቺንጋ፣ ያለቀ ካርቦን፣ የተቃጠለ ዳዮድ። የመጨረሻው እርምጃ፣ ሞተሩን ማንሣቱ፣ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ጤነኛ ዲናሞም ያለ ጥፋቱ ይቀየራል።

ይህን የምናገረው ለእኛም ሰፈር ስለሚሠራ ነው። አንደርድራይቭ ፑሌጃ ገዝቶ የሚገጥም ሰው እዚህ ብርቅ ነው። ነገር ግን ከሌላ ሞዴል የተነቀለ ዲናሞ ገዝተን ትልቅ ፑሌጃው እንዳለ ብንገጥመው ያው አንደርድራይቭ ሆነ፤ ስሙን ሳንሰማ ገጠምነው። አሮጌውንና አዲሱን ፑሌጃ ጎን ለጎን አድርጎ በካሊፐር መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አዲሱ በጥቂቱ ካነሰ ግድ የለም፣ ከበለጠ ግን ፑሌጃዎቹን ማዘዋወር ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ጉልበት የሚመልስ ነገር ሁሉ ያጓጓል። ያው ስስ አየር ግን ራዲያተሩንም ያን ያህል አያቀዘቅዝም። ውሃ ፖምፓውን አዘግይቶ በጭንቅንቅ ውስጥ ዳገት ላይ መቆም ለእኔ ሒሳቡ አይመጣልኝም።

አሁንም ፑሌጃውን የሚፈልግ ካለ መንገድ አለው። የክራንኩን አሳንሶ የዲናሞውንም አብሮ ማሳነስ ነው፤ ቅድም ባየነው ምሳሌ የ60 ሚሊ ሜትሩን በ48 ቢተካው ምጣኔው 2.58 ላይ ይደርሳል፣ ዲናሞውም በሚኒሞ ወደ 1,940 ዙር ይመለሳል። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውን ገመድና የማሳውን ገመድ በወፍራም መተካትም ይረዳል። ጥንቃቄው ኋላ ላይ ነው። አንድ ቀን የፋብሪካውን የክራንክ ፑሌጃ መልሶ ትንሹን የዲናሞ ፑሌጃ ከረሳው ምጣኔው ወደ 3.4 ይወጣል፤ ሞተሩ 6,000 ዙር ሲደርስ ዲናሞው ከ20,000 በላይ ይዞራል። ብዙዎቹ ዲናሞዎች የተሠሩት እስከ 18,000 አካባቢ እንዲችሉ ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አንዳንዶቻችሁ የኤሌክትሪክ መኪና ይዛችኋል። እነሱ ላይ ቺንጋም፣ ፑሌጃም፣ ዲናሞም የለም። ያችን ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ የሚሞላት ከትልቁ ባትሪ ቮልት የሚቀንስ መሣሪያ ነው፤ መኪናው ቆመም ሄደም የሚሰጠው አንድ ነው። የማታው ጭንቅንቅ ለሙዚቃው ጠላት አይሆንም። ያ መሣሪያም ግን የራሱ የአምፔር ጣሪያ ስላለው፣ ትልቅ አምፕሊፋየር ለማስገጠም ያሰበ ሰው ቁጥሩን ከመኪናው መመሪያ አይቶ ይሂድ።